ዶልፊኖቹ ይታረቃሉ፤ እኔና ሰናይት ተኳርፈናል

የሄድኩ ለት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እዚህ አትላንታ ስለ አመጣጡ የሚያወራ ሰው ሁሉ እናቱ ቦሌ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃ ውኃ እንደረጩባት ነው የሚነግራችሁ። የኔዋ ቢሾፍቱ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል አንገቷን በመስኮት አስገብታ፣ «ሙሉነሽ፣ ያንን ራጅ እንዳታጥፊው አደራ» ነው ያለችኝ። በቃ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ራጁ የደረቴ ነው። በዲቪ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከታሸገው ፖስታ ጋር በእጅሽ ይዘሽ ግቢ ይሉሻል፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ አይታጠፍም። እኔም የገዛ ሳንባዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ወንድሜ ግርማ ከፊት ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ በሐይቁ ጥግ አለፍን። ልጆች ሳለን ያ ሐይቅ በዓመት አንድ ሰው ሳይወስድ አይቀርም ይሉን ነበር፤ ከወሰደ ደግሞ አይመልስም። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ስኖር አንድ ቀን እግሬን አልነከርኩበትም። ያን ለት ማታም ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩት።

ዋሽንግተን ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ራጁን አውጥቶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። ሰልፉ ሁሉ የጎድን አጥንቴን አየ።

«ይሄ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ስሜ ተጽፎበታል» አልኩት። ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ እንግሊዝኛዬ ለወረቀት ነገር አያንስም።

«ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፎቶ አይመስልም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ገና ሳይገባ አጥንቱ ቀድሞት ሲገባ ምን ያስቃል?

አትላንታ የተቀበሉኝ ታናሽ እህቴ ሰናይትና ባሏ ተስፋዬ ናቸው። ሰናይት ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድማ ነው የወጣችው። እሷ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ እሱ ታክሲ ይነዳል፤ ስኮትዴል ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተው ነበር። የነሐሴን ሙቀት ምን ብዬ ልንገራችሁ? በር ከፍታችሁ ስትወጡ እርጥብ ፎጣ ፊታችሁ ላይ የጣሉባችሁ ነው የሚመስለው። የእኛ አገር ፀሐይ ጥላ ሥር ስትገቢ ትተውሻለች፤ ይህቺኛዋ ጥላ ሥርም ትከተላለች። ምግቡንማ ተዉት። የጆርጂያ ሽንኩርት ጣፋጭ ነው። አዎ፣ ሽንኩርቱ! አምስት ራስ ስትከትፊ እንባ ጠብ አይልሽም፤ ወጡ ስኳር ስኳር ይላል። ቆይቶ ይህ ሽንኩርት ጉድ ሠርቶኛል፤ ማልቀስ አምሮኝ የማሳብብበት ነገር አሳጥቶኛል።

በሁለተኛው ሳምንት የአፓርታማው ኦፊስ ጠራን። ሴትዮዋ ጥፍሯን እያየች፣ «የኪራይ ሊዙ ላይ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ ሦስት ሰው ሲወጣ ሲገባ እናያለን» አለች።

«ታላቅ እህቴ ናት» አለች ሰናይት።

«ለውሻ ፎርም አለን፣ ለድመት ፎርም አለን። ለእህት የለንም።»

«ታዲያ የትኛውን ልሙላ?»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። «ትጮኻለች?» አለች።

ሰናይት እስከ ቤት ድረስ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነው የተመለሰችው። እንዲያ ነበርን እኔና እሷ። በዚያ ቤት እንዲያ እንስቅ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት በአንድ የጽዳት ካምፓኒ በኩል ነው። የመደቡኝ የት መሰላችሁ? መሃል ከተማ፣ ዓሣ የሚታይበት አኳሪየም። ውኃ ሽሽት ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ግድግዳው ሁሉ ውኃ የሆነ ቤት ገባሁ። ሺፍቴ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ማርታ በሚሉት ባቡር ሄጄ፣ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ወለሉንና መስታወቱን እጨርሳለሁ። ሱፐርቫይዘሬ የመጀመሪያው ቀን ወደ ዶልፊኖቹ ክፍል ወሰደችኝና፣ «መስታወቱን ስትወለውዪ እጅሽን ቀስ አድርጊ» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ይከተሉሻል» አለችኝና ሄደች።

እውነቷን ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከውኃው ውስጥ ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ። ፎጣውን ወደ ግራ ስወስድ አንዷ ከግራ መጣች፤ ወደ ቀኝ ስመልስ ወደ ቀኝ መጣች። የአህያ ውርንጭላ ራስ የሚያህል ጭንቅላት ከእጄ በጣት ርቀት ላይ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ገልጬ ብተኛ እንዴት እሆን ነበር? እነሱ የሚተኙት እንደዚያ ነው። ጠዋት ስገባ ውኃው ላይ ተንሳፍፈው አንዱ ዓይናቸው ተከድኖ አንዱ ያየኛል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ፈገግታቸው ነው። አፋቸው ሲፈጠር እንደዚያ ሆኖ ቀረ እንጂ ፈገግታ አይደለም። ተኝተውም ይስቃሉ፣ ታመውም ይስቃሉ፤ ሲጣሉም እንደዚያው።

ሲጣሉ ያየሁት በሦስተኛው ወር ነው። እዚያ ኬሊ የምትባል ልጅ አለች፤ ተመራማሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሰዓትና ደብተር ይዛ፣ ማን ማንን እንደነካ ትጽፋለች። መጀመሪያ «ለዚህ ነው የሚከፍሉሽ?» ብያት ነበር። «ብዙም አይከፍሉኝም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወደድኳት።

ያን ቀን ትልቋና አንዲት ወጣት ሴት ነበሩ። ትልቋን እኔ እሜቴ ነበር የምላት፣ አዋዋሏ የባላባት ሚስት ስለሆነ። ምን እንዳጣላቸው አላየሁም። ብቻ ድንገት ጧ! የሚል ድምፅ ከመስታወቱ ውስጥ መጣ፤ መጥረጊያዬ ከእጄ ወደቀ። መንጋጋዋን አጋጭታ ነው። ከዚያ ውኃው ነጭ ሆነ፤ ስትሸሽ ስታሳድድ፣ በጅራት ስትማታ፣ አረፋው ሲጠራ የወጣቷ ጎን ላይ አምስት መስመር ጭረት ይታያል፣ ሹካ የጎተቱበት ይመስል። ሁለቱም እየሳቁ። «በስመ አብ!» አልኩ።

«አሁን ነው መመልከት» አለች ኬሊ፣ ሰዓቷን ተጭና።

ሁለቱ የገንዳውን ሁለት ጥግ ይዘው ቆሙ። ኩርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ትንሽ ቆይቶ ጠቡ ውስጥ ያልነበረች ሦስተኛ መጣችና የተነከሰችውን በጎን ክንፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋት አለፈች። ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ፣ እኔ ወለሉን ጨርሼ ቆሻሻውን ላወጣ ስል፣ ኬሊ በእጇ ጠራችኝ። እሜቴና ወጣቷ ጎን ለጎን ናቸው። የአንዷ ክንፍ የሌላዋ ጎን ላይ አርፏል። አብረው ወጡ፣ አብረው ተነፈሱ፣ አብረው ወረዱ። ጭረቱ ገና ትኩስ ነው።

«ይኸው ነው?» አልኳት። «ይቅርታ የለ፣ ጥፋቱ የማን ነው የለ?»

«ይኸው ነው» አለች። «እንዲህ ከተነካኩ በኋላ ቶሎ ተመልሰው አይጣሉም። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዴ ሳይገጥሙ ይቀራሉ።»

ለሰናይት ማታ ስነግራት «የፈረንጅ ዓሣ እንኳ ሽማግሌ አለው!» ብላ ሳቀች። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርጂ፣ እንዳትደነግጪ ብሏት፣ ሥራ አቁማ ተኝታ ነበር የምትውለው።

በዚያው ወር፣ በብሬክ ሰዓቴ፣ ግርማ በቫይበር ደወለ። ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። የወንድም ድምፅ «ቁርስ በላሽ?» ብሎ ሲጀምር ሌላ ምን ይሆናል? እማዬ ከትናንት ወዲያ አርፋለች፤ ቀብሯም ተፈጽሟል። ታማ የተኛችው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

«ሰናይት እንዳትሰማ» አለ ግርማ። «ሐኪሙ አትደንግጥ ብሏል አይደል? ሁለት ነፍስ ናት። እንግዲህ በአንቺ ነው።»

ለተስፋዬና ለዕድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ወርቅነህ ነገርኳቸው። አቶ ወርቅነህ «አራስ አይረዳም፤ ወልዳ፣ አርባው ወይ ሰማንያው ደርሶ፣ ክርስትና ተነስቶ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አራስ ቤት ውስጥ መርዶ አይገባም። ማንም ያገሬ ሰው ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ይህን ዛሬም እምላለሁ።

ግን ደንቡ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ሰናይት ያን ቀን ከሥራ ስገባ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «እታለም፣ እማዬ ደወለች?» አለችኝ።

«ደውላ ነበር» አልኳት። «ጸበል ልትገባ ነው፣ ገዳም። ስልክ አያስገቡም። የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኖኛል በያት ብላለች።»

ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ያሰብኩት ግን አልነበረም። በማግሥቱ ደግሞ ጠየቀችኝ። ግርማ ገዳም ሄዶ ጠይቋት መጣ አልኳት። ጉልበቷ ተሽሏታል። ሽምብራ ቆልታ ልካለች። የጎረቤታችን ላም መንታ ወለደች ብላሻለች። እናንተዬ፣ ሰው ውሸት ይከብደዋል ሲሉ አትመኑ። ይለመዳል። የእማዬን አነጋገር ማን ያውቃል ከእኔ በላይ? «ያቺ ቀበጥ ትተኛ በያት፣ አልጋ የማን ልጅ በላ» እያልኩ በእሷው ድምፅ ስናገር ሰናይት በሳቅ ትንፈራፈራለች። አንድ ቀን እንዲሁ ስቃ ስቃ እንባዋን ስትጠርግ፣ «ይህንን ለእማዬ ደውዬ ብነግራት ምንኛ ደስ ባላት» ብዬ አሰብኩ። ስልኬን አውጥቼ ስሟን ከነካሁ በኋላ ነው መሞቷ ትዝ ያለኝ። ያን ሌሊት የገዛ ድምፄን ፈራሁት።

የት ላልቅስ? ቤት ሰናይት አለች። ባቡር ላይ ሰው አለ። ሽንኩርቱ እንደነገርኳችሁ ነው። የቀረኝ ያ ሰማያዊ ክፍል ነው። ጠዋት በሩን ዘግቼ ባልዲዬን አስቀምጬ፣ ነጠላ እንኳ ሳይኖረኝ፣ በጽዳት ዩኒፎርም ደረቴን እየመታሁ እናቴን አለቀስኳት። ጮክ ብዬ፣ በወጉ፣ ስሟን እየጠራሁ። ቀና ስል ሁሉም መስታወቱ ላይ ናቸው። በአንድ መስመር፣ ፊታቸው ወደ እኔ፣ አንዱም ሳይንቀሳቀስ። እየሳቁ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ለቀስተኛ አይቼ አላውቅም። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን እኔ ከመግባቴ በፊት ቆመው ጠበቁኝ፤ ያን ቀን አላለቀስኩም፣ በአፍ ጢሜ ልደፋ እየደረስኩ ወጣሁ።

ኬሊ የሆነ ነገር ገብቷት ኖሮ አንድ ጠዋት ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫዋን ሰጠችኝ። ውኃው ውስጥ ማይክ አላቸው። ፉጨት ነው፤ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ የሚጠማዘዝ። «እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፉጨት አላቸው፣ እንደ ስም» አለችኝ። «ሌላውም በዚያ ይጠራቸዋል።» ይህቺ እሜቴ ናት፣ ይህቺ ወጣቷ፣ እያለች ስታሳየኝ አንድ ሌላ ፉጨት መጣ፣ ቀጭን፣ መጨረሻው የሚሰበር።

«ይህቺስ?»

ኬሊ፣ «እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እዚህ የሌለች አንዲት ነበረች፤ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደች ቆይታለች። የእሷን ይመስላል። አንዳንዴ አንዳቸው ያሰሙታል» አለችኝ።

ማዳመጫውን አውልቄ ሰጠኋት። የሌለችን ሴት በድምጿ የሚያናግር እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳውቅ ቀለላት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልቀለለኝም።

ሰናይት በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ሊያ። ሰማንያው ደረሰ፣ ክርስትና ተነሳች። በነጋታው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። እኔ አውቃለሁ፣ ከሥራ ቀርቻለሁ፤ ተስፋዬም ያውቃል፤ ሁለታችንም አልተነሳንም። ሰናይት ሊያን ደረቷ ላይ ይዛ ከፈተች። አቶ ወርቅነህና ሌሎች አምስት ሰዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

ማንም ምንም ሳይል፣ «እማዬ ናት?» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ አቶ ወርቅነህ።

«መቼ?»

«ቆየት ብሏል እንግዲህ…»

«መቼ ነው ያልኩት!»

«ሰባት ወርሽ ሳለ።»

ሴቶቹ ሊይዟት ተዘጋጅተው ነበር። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ዞራ ወደ እኔ አየች፤ ለረጅም ጊዜ፣ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ፣ «ያን ሁሉ ሰላምታ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

ምን ልበል? ከእኔ ብል ይከፋል፣ ከእሷ ብል ይብሳል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። ማለቴ፣ በሊያ በኩል ነው የምታናግረኝ። «ሊያዬ፣ አክስትሽ ወጥ ቤት ጨርሳ እንደሆነ ጠይቂያት።» እኔም ለሊያ፣ «ጨርሻለሁ በያት፣ እናትሽ ምሳዋን ትብላ» እላለሁ። ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ዓይኗን እያንከራተተች። ቀን ሙሉ የቧንቧ ድምፅና የበር ድምፅ ነው፤ ማን የት ክፍል እንዳለ በእግሩ ኮቴ ነው የምናውቀው፣ እንዳንገናኝ። ተስፋዬም እኮ ያውቅ ነበር! እሱን በሳምንቱ ማረችው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ሊያ፣ አባትሽንስ እንዴት ማረችው?» አልኩ። ሰናይት ዳይፐር እየቀየረች፣ «አባትሽ ዝም አለ፣ ሊያዬ። አክስትሽ ግን ተናገረች» አለች።

ብዙም ሳይቆዩ ስቶን ማውንቴን ቤት አግኝተው ለቀቁ። እኔ ስኮትዴል ቀረሁ፤ ሊዙ ላይ በመጨረሻ ስሜ ገባ፣ ብቻዬን። ሊያ መቀመጥ ጀመረች፤ ፎቶዋን ከሰው ስልክ ላይ ነው ያየሁት። እናት የሞተችበት ያገሬ ሰው ሁሉ አብሮት የሚያለቅስ ወገን አለው። እኔ አብራኝ ልታለቅስ የምትችለው ሴት በመኪና ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሆና አታናግረኝም። እሷ ደግሞ እናቷን ገና እንዳላለቀሰች ተስፋዬ ነገረኝ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም አለኝ። ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሳታለቅስ ታብድብኛለች፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ኬሊን ጠየቅኋት። ሰው ይስቅብኛል እንጂ ዓሣ የሚያጠናን ሰው ስለ እህቴ ጠየቅሁ። «ቀድሞ የሚሄደው ማን ነው? ነካሹ አይደል?»

«የትኛቸውም» አለች። «አንዳንዴ የተነከሰው ነው የሚመጣው።»

«የተነከሰው?» ጉድ እኮ ነው። በእኛ አገር በዳይ ነው ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቀው። «ሦስተኛዋስ? ያቺ የምትዳብሰው?»

«እሷ አንዳንዴ ትረዳለች። ጠቡ ውስጥ ያልነበረች ናት።»

እኔ የሰማሁት «ትረዳለች» የሚለውን ብቻ ነው። ዕለቱን አቶ ወርቅነህ ጋ ደወልኩ። ከሁለት ሽማግሌ ጋር፣ ቅዳሜ፣ ስቶን ማውንቴን ሄዱልኝ። በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ አስቀመጠቻቸው። አቶ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር…» ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«መርዶውን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ይቅርታውንም ያመጡት እርስዎ ነዎት። አባቴ፣ ከእርስዎ እጅ ከዚህ ወዲያ ምንም አልቀበልም፤ አይቀየሙኝ።»

ማታ ደውለው ነገሩኝ። «ሙሉነሽ፣ ሰው ሳስታርቅ ሸበትኩ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልሰማሁም። ሻይ እንኳ አልቀረበልንም» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ስልኩን ዘግቼ ነው የኬሊ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የደረሰኝ። ጠቡ ውስጥ ያልነበረች። እኔ ግን ምስጢሩን አብረውኝ የቀበሩትን ሰዎች ነው ሰብስቤ የላክሁት! እንዴት ያለ ጅልነት ነው? ጭንቅላቴን በግድግዳ ብመታው ወደድኩ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በሬ ተንኳኳ። ሰናይት ናት። ሊያ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። ከመኪናዋ ውስጥ ተስፋዬ ሊወርድ ሲል በእጇ አስቆመችው። ገባች፤ አልተቀመጠችም። ከስታለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ልታረቅሽ አይደለም የመጣሁት» አለች፣ በቀጥታ ለእኔ። «ልጠይቅሽ ነው። የእሷ የትኛው ነው፣ የአንቺ የትኛው ነው? አንድ በአንድ ንገሪኝ። መለየት አቃተኝ። ሌሊት ሌሊት ታናግረኛለች፤ የምታናግረኝ እሷ ትሁን አንቺ አላውቅም።»

«ጠይቂኝ» አልኳት።

«ሹራቡ ልክ ሆኖኛል?»

«የኔ ነው።»

«የላሟ መንታ?»

«የኔ።»

«አልጋ የማን ልጅ በላ?»

«የኔ ነው፣ ሰናይት።»

ሊያን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረቻት። «በሰላም ያገላግላት ያለችውስ? ያ ከመሞቷ በፊት ነው፤ አብረን የደወልን ቀን። እሱን ይዤ ነው የወለድኩት። አሥራ ስምንት ሰዓት ሳምጥ እሱን ነው የያዝኩት።»

እዚህ ላይ ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልማድ ነውና። ምርቃቱን ልተውላት? የሰው ልጅ አንዲት ምርቃት ቢቀርለት ምን ክፋት አለው? ግን አየኋት፤ ደግሜ ብዋሽ ለዘላለም እንደማላገኛት ገባኝ።

«እሱም የኔ ነው» አልኳት። «አንቺ ጋደም ብለሽ ነበር፣ ስልኩን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ከአልጋሽ ሆነሽ ‹እማዬ፣ ደህና ነኝ› አልሽ። መስመሩ ይንጫጫ ነበር። እሷ፣ ‹ሰናይት ናት? አይሰማኝም፤ ጮክ ትበል በያት› አለች። ከዚያ ተቋረጠ። ‹ጮክ ትበል› ብዬ ብነግርሽ ይከፋሻል ብዬ ምርቃት አደረግሁልሽ። የመጨረሻ ቃሏ ያ ነው። ሌላ የላትም።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ትወጣለች ብዬ ነበር። ቆማ ቆማ፣ መጥታ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። አላየችኝም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፤ አላነሳችውም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም።

«ጮክ ትበል?» አለች፣ ለራሷ።

«አዎ።»

«እማዬ» አለች፣ በቀስታ። እንደገና፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ሲጠራቀም የከረመው ገንፍሎ፣ «እማዬ! እማዬ፣ ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ሊያ ባንና ማልቀስ ጀመረች። የሰናይትም እንባ መጣ፣ በስንት ወሩ። እኔም አብሬያት ጮኽሁ። ሁለታችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስኮትዴል ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ።

በሩ በኃይል ተመታ። ሰናይት ልጇን እንዳቀፈች፣ ፊቷን ሳትጠርግ፣ ሄዳ ከፈተች። የታችኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ በመታጠቢያ ልብስ፣ ደንግጣ።

«ምን ሆናችሁ? ማንን ነው የምትጠሩት?»

«እናታችንን» አለቻት ሰናይት በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ቤቱን ቃኘች፣ ሦስተኛ ሰው እየፈለገች። «እሺ… ግን ቀስ ብላችሁ ብትጠሯትስ?»

«ቀስ ካልንማ አትሰማንም» አለቻት ሰናይት።